ግጥሙስ የማን ነው?

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል፤ አንዱ ኤፍ ኤም የቆየ ዘፈን ያሰማል። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ ረዳቱ ዞረው፣ «ልጄ፣ ግጥሙ የማን ነው?» አሉ።

«የዘፋኙ ነዋ አባባ!» አለ ረዳቱ፣ ብሩን እየቆጠረ።

«ዘፋኙማ ዘፈነው። የጻፈውን ነው የጠየቅኩህ።»

መልሱን ከሬዲዮው ጠበቅን። ዘፈኑ ሳያልቅ አቅራቢው ገባበትና የፕሮግራሙን ስፖንሰር ስም ሦስት ጊዜ ጠራልን። የገጣሚውን ግን አንዴም አላነሳም። አዛውንቱም እንደጠየቁ ቀበና ላይ ወረዱ።

መቼም ኤፍ ኤምን ለማማት አይደለም የተነሳሁት፤ ውለታው አለብኝ። የእኔ ትውልድ የሚያውቀው ሬዲዮ በአብዛኛው ወረቀት ሲነበብ የሚሰማበት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከልን ዓይነት ጊዜ ሲመጣማ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ይሆን ነበር። የግል ብሮድካስት በሕግ የተፈቀደው በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 178 ነው። በ1992 የመንግሥቱ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ጆሯችንን አለማመደን። ሸገር 102.1ን የሰማነው ግን በ2000 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው!

ሸገር ከስሙ ይጀምራል፤ ከተሜው አዲስ አበባን በፍቅር የሚጠራበትን ስም ለራሱ ወሰደ። ከሙዚቃውና ከማስታወቂያው ጎን ለጎን ጨዋታን ሬዲዮ ላይ አወጣ። መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» ሰውን አስቀምጣ ከልጅነቱ ጀምራ ታጫውተዋለች፤ ማን አሳደገህ፣ ማን አስተማረህ ትለዋለች። እሸቴ አሰፋ በ«መቆያ»፣ ተፈሪ ዓለሙ በ«ትዝታ ዘ አራዳ» የሰውና የዘመን ታሪክ አወጉን። የእነዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፤ የሰውን ስም ከነሥራው መጥራት።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይመጣል። በየኤፍ ኤሙ ወሬው ስም ሲያከብር ዘፈኑ ስም አልባ ሆኖ ይሄዳል። የንግድ ጣቢያ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። ችግሩ ዘፈኑ በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል ያለች ክፍተት መሙያ ሲሆን ነው። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልበጥ አድርገን ግጥሙ የይልማ ገብረአብ፣ ዜማው የአበበ መለሰ መሆኑን እናነብ ነበር። ዘፈኑ ከካሴት ወጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ ውጭ ቀረ። ስሞቹም አብረውት ቀሩ።

«ስም ቢጠራ ባይጠራ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው የሥራው አመንጪ ሆኖ የመታወቅ መብት ሰጥቶታል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ደግሞ ባለመብቶች በማኅበር ተደራጅተው ክፍያቸውን የሚሰበስቡበትን መንገድ አበጀ። ታዲያ የማን ሥራ እንደተላለፈ ካልተመዘገበ፣ ለማን ነው የሚከፈለው? ስምና እንጀራ እዚህ ጋ ይገናኛሉ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የገጣሚውን ስም ሳይጠራ ግጥም ያነበበን ተማሪ እቆጣ ነበር። ከዘፈን ምሳሌ ስጠቅስ ግን ዘፋኙን ብቻ ጠርቼ አልፋለሁ። ሙሉጌታ ተስፋዬን የመሰለ ባለቅኔ የዘፈን ግጥም ይጽፍ እንደነበር እያወቅሁ፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን «ግጥም»፣ ካሴት ላይ ያለውን «ዘፈን» ብዬ ለይቼ አስተምሬያለሁ። ከእኔ ክፍል ወጥተው ማይክ የጨበጡ ልጆች አሉ። ከማን ተማሩት ብል መልሱ ሩቅ አይደለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ኤፍ ኤሞቻችን ግን በሰው ወርቅ ደምቀዋል፤ ይድመቁ፣ የባለወርቁን ስም ብቻ ይንገሩን። «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሊት፣ ቅንብር እገሌ» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ስፖንሰሩ ከሦስቱ አንዷን ቢለቅ ይደርሳል። የቀበናው አባትም ቤታቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ ለጥያቄያቸው መልስ ያገኙ ነበር።