የከረመ ጠላና አዲስ ግጥም

ይህን የጻፍሁት እኔ በጎንደር ከተማ ማሲንቆ ስሰማ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በአንድ የጥር ማታ ወደ አዝማሪ ቤት የገባሁት ግን አዲስ ነገር ፈልጌ አልነበረም፤ በጎልማስነቴ ከዚያው አዝማሪ የሰማኋትን አንዲት ግጥም ዳግመኛ ልሰማ ነበር እንጂ። አዝማሪውም ከከተማው አጠገብ ካለችው ከአዝማሪዎች አገር ከቡርባክስ የወጣ፥ ሙያውን ከአባቱ የተማረ ሰው ነው።

ማሲንቆውን በትዝታ ቃኝቶ በጀመረ ጊዜ ያችን ግጥም እንዲደግምልኝ ለመንሁት። እርሱ ግን ዜማውን ሳያቋርጥ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

የከረመ ጠላ ለምን ይፈለጋል፤
አዲሱን ጥመቁት ሰው ግጥም ያደርጋል።

ኅብሩ «ግጥም ያደርጋል» ባለው ላይ ነው። ሰሙ፥ ጠላው አዲስ ከሆነ ጠጪው እስከ አተላው ይጨልጠዋል ማለት ነው፤ ወርቁ ግን፥ ሰሚው ራሱ ግጥም ያበጃል ማለት ነው። ረቂቅ ነው አይባልም፤ ነገር ግን ሳይታሰብ ለተጠየቀ ነገር በዚያው ቅጽበት የተገኘ መልስ ነውና፥ ከተጠና ውበት ይበልጣል።

እኔም አፍሬ «ተቀበል!» አልሁና አንዲት ግጥም ሰጠሁት። ቤት አልመታችም ነበር፤ እርሱ ግን በዜማው አቃንቶ፥ የእኔን ስንኩል ቃል የሰው ፊት የሚያይ አደረጋት።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ብር የሚሸልሙ እንግዶች በመጡ ጊዜ ያንኑ አንድ ውዳሴ ስም ብቻ እየለወጠ ለየጠረጴዛው አዞረው፤ የድምፅ ማጉያውም የማሲንቆውን የፈረስ ጭራ ድምፅ ዋጠው። ስለዚህ ነቀፌታ አዝማሪውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ነው፤ ሻጭ የሚያቀርበው ገዢ የፈለገውን ነውና።

በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያስተውለዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ አንድ ጊዜ ከተቀኟት በኋላ ግን አትደገምም፤ ለነገው በዓል የነገ ቅኔ ያሻል። የአዝማሪም ሁለት ስንኝ ኃይሏ በዚሁ ነው። በ1929 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያው እንደራሴ ግራዚያኒ አዝማሪዎች እንዲገደሉ ያዘዘው በሕዝቡ መካከል ወሬ ይዘራሉ ብሎ ስለ ፈራ ነው። የሚፈራ ቃል ዕለቱን የሚናገር ቃል ነው እንጂ፥ በስም ብቻ የሚለዋወጥ ውዳሴ ማንንም አያስፈራም።

እንግዲህ የአዝማሪው ሙያ ቀዘቀዘ የምንል ሰዎች፥ አስቀድመን እኛ ምን እንዳዘዝን እንጠይቅ። ለሃያ ዓመት የወደድኋትን ያችን ግጥም በዚያ ማታ አልሰማኋትም፤ በባዶ እጄ ግን አልተመለስሁም።