የማይቸኩል እጅ

በሴምዮንግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ሽልማት እየተሰጠ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚኮራባት የቀድሞ ተማሪ ተብላ መድረክ ላይ የቆመችው የቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ አቅራቢዋ ፓርክ ዮን-ጂን ናት። ከታዳሚው መካከል አንዲት ሴት ታጨበጭባለች። ዮን-ጂንን በስሟ እየጠራች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታሞግሳታለች። ሌላ የምትለው የለም። ስድብ የለም፣ ዛቻ የለም፣ ዘሎ መድረክ መውጣት የለም። ነገር ግን ያ አዳራሽ ዮን-ጂንና ጓደኞቿ ይህችኑ ሴት፣ ሙን ዶንግ-ኡንን፣ በተማሪነቷ አንቀው ይዘው ገላዋን በጋለ የፀጉር መተኮሻ ያቃጠሉበት አዳራሽ ነው። እኛ ይህን እናውቃለን፤ ሽልማቱን የሚሰጡት ሰዎች አያውቁም። ጭብጨባውን ከዛቻ ሁሉ የከበደ ያደረገውም ይኸው ነው።

«ዘ ግሎሪ» የተባለው የኮሪያ ተከታታይ ድራማ ከዳር እስከ ዳር የተሠራው በዚህ ዓይነት እጅ ነው። 16 ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 8 ክፍሎች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2022፣ የቀሩት 8 ደግሞ ማርች 10 ቀን 2023 በኔትፍሊክስ ወጡ። ጸሐፊዋ ኪም ኡን-ሱክ እስከዚያ ድረስ ስሟ የገነነው በፍቅር ታሪኮች ነበር፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ሶንግ ሄ-ክዮም በ2016 «ዲሴንዳንትስ ኦቭ ዘ ሰን» በተባለው የዚህችው ጸሐፊ ድራማ ላይ የብዙ ተመልካች ልብ ያሸፈተች ተዋናይት ናት። ሁለቱ ለበቀል ታሪክ ተመልሰው ሲገናኙ ብዙ ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር። ጸሐፊዋ እንደተናገረችው የታሪኩ መነሻ ልጇ ያቀረበችላት ጥያቄ ነው፦ እኔ ሰው ብደበድብ ይከፋሻል ወይስ ብደበደብ? ከዚህ በተጨማሪ ኮሪያውያን ያልረሱት አንድ እውነተኛ ጉዳይ አለ። በ2006 በቾንግጁ ከተማ አንዲት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በክፍል ጓደኞቿ በፀጉር መተኮሻ ተቃጥላ ሆስፒታል ገብታ ነበር። ድራማውን ያየ የአገሩ ሰው ልብ ወለድ ነው ብሎ ሊያልፈው ያልቻለው ለዚህ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። የኪም ኡን-ሱክ ብልሃት ይህን እውነት በንግግር አለማስፈሯ ነው፤ የታሪኩ ሞተር አድርጋዋለች። ዮን-ጂን የረሳችው የዶንግ-ኡንን ስም ወይም መልክ አይደለም። የረሳችው ያደረገችውን ነገር ክብደት ነው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ክብደት ሰጥታው አታውቅም። ዶንግ-ኡን ግን ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ስትሠራ፣ በማታ ስታጠና፣ የመምህራን ኮሌጅ ስትገባ፣ አንደኛ ደረጃ መምህርት ስትሆን፣ የእያንዳንዷ ዓመት አቅጣጫ ወደ አንዲት ሴት ነበር። ሌሎች ልጆች ሐኪም ወይም ሕንፃ ሠሪ የመሆን ሕልም ሲኖራቸው የእሷ ሕልም ዮን-ጂን ራሷ ናት። ፍጻሜው የዮን-ጂን ልጅ የክፍል ኃላፊ መምህርት ሆና መቆሟ ነው። ወላጅ ልጁን በየቀኑ አስረክቦ የሚሄደው ለማን እንደሆነ ቆም ብሎ ላሰበ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ አቀማመጥ የለም።

ጆሮ ለሚሰጥ ተመልካች ከሁሉ በፊት የሚገርመው የተራኪዋ ድምፅ ነው። ዶንግ-ኡን ታሪኩን የምትነግረው ለእኛ አይደለም፤ ለዮን-ጂን ደብዳቤ እየጻፈች ነው። ለቅርብ ጓደኛ የሚጻፍ ይመስል በስሟ እየጠራች፣ ረጋ ብላ፣ አንዳንዴም በፍቅር ቃና። እኛ የሰው ደብዳቤ ሰርቀን እንደምናነብ ሆነን እናዳምጣለን። ይህ ዘዴ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛ፣ ለብቸኛ ሰው የምታወራው ሰው ይሰጣታል፤ በዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ ዮን-ጂንን ያህል የቀረበ ሰው የለምና። ሁለተኛ፣ ጸሐፊዋን የበቀል ታሪክ ከሚወድቅበት ጉድጓድ ያድናታል። ተበቃይ ሲያወራ ወይ ይፎክራል ወይ ያለቅሳል፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን ቃል ይመርጣል።

ሶንግ ሄ-ክዮ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የምታነበው። ፊቷንም እንዲሁ። ቁጣ በጉንጭ መንቀጥቀጥና በጥርስ መንከስ በሚገለጽበት የቴሌቪዥን ዓለም እሷ ቁጣዋን በትከሻዋ ትሸከማለች፤ ቀጥ ያለ፣ የማይፍታታ ትከሻ። ልብሷ ድፍን ነው፣ ገላዋን ሁሉ ይሸፍናል። ይህ የልብስ ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ የምንረዳው ከጎኗ ለሚቆመው ዶክተር ጁ ዮ-ጆንግ ጠባሳዋን በምታሳይበት ትዕይንት ነው። ልብሷን አውልቃ ስትቆም ዳይሬክተሩ አን ጊል-ሆ ካሜራውን አያስቸኩለውም፤ የሚያስለቅስ ዜማም አይጭንበትም። ክንዷ፣ እግሯ፣ ቆዳዋ። ርኅራኄ አትለምንም፤ ለምን ልዑል ሳይሆን ከጎኗ ሆኖ ሰይፍ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልጋት ማስረጃ እያቀረበች ነው። አን ጊል-ሆን በ2017 ከወጣው «ስትሬንጀር» የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥብነት አይገርመውም።

ኮሪያውያን ባዱክ፣ ሌላው ዓለም ጎ የሚለው የጠጠር ጨዋታ ታሪኩ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም። ዶንግ-ኡን ጨዋታውን ከዮ-ጆንግ የተማረችው የዮን-ጂን ባል ሃ ዶ-ዮንግ ስለሚወደው ነው፤ ወደ እሱ የምትገባበት በር ያ ብቻ ነበር። ባዱክ ከቼዝ ይለያል። የሚገደል ንጉሥ የለውም። አንዴ የተቀመጠ ጠጠር በተከበበ ጊዜ ይነሣል እንጂ ቦታ አይቀይርም። ባዶ ሰሌዳ ላይ ተጀምሮ፣ ቀስ በቀስ፣ በዝምታ የሌላውን ቦታ መክበብ ነው ጨዋታው። የድራማው አወቃቀርም ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተበታትነው የተቀመጡ ጠጠሮች ናቸው፦ ቀለም መለየት የማትችል ሕፃን፣ ሬሳ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የቆየች ልጅ፣ የጠፋ የስም መለያ። ለምን እዚያ እንደተቀመጡ አይነገረንም። በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ዞር ብለን ስናይ መውጫ የለም።

ደግሞም ልብ በሉ፣ ዶንግ-ኡን ራሷ ማንንም አትነካም። (ታሪኩን ገና ያላየ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ዘሎት ቢያልፍ ይሻላል።)

መሣሪያዋ እውነት ነው። ለእያንዳንዱ በዳይ ስለ ጓደኛው የማያውቀውን እውነት በትክክለኛው ቀን ታቀብለዋለች፤ የቀረውን እነሱ ራሳቸው ይሠሩታል። ከአምስቱ በዳዮች አንዱ ገና በመሃል ይገደላል፤ የመጀመሪያውን ምት የምታሳርፍበት ዮን-ጂን ናት። በአደንዛዥ ዕፅ የተያዘችው ሠዓሊ ሳ-ራ የገዛ ጓደኛዋን አንገት ወግታ ድምፅ ታሳጣለች። ድምፅ ያጣችው ሄ-ጆንግ በበኩሏ የሌላውን ጓደኛቸውን የጄ-ጁንን የዓይን ጠብታ ቀይራ ብርሃኑን ትነጥቀዋለች። አንድ ላይ ሆነው አንዲት ምስኪን ልጅ ለመያዝ ይበቁ የነበሩ እጆች አሁን እርስ በርስ ይያያዛሉ። ጸሐፊዋ የዚህን ትርጉም በማንም አፍ አታስነግርም። ለእኔ ከሁሉ የረቀቀው ግን የእናቶቹ ነገር ነው። የዶንግ-ኡን እናት ዶንግ-ኡን ተማሪ ሳለች ገንዘብ ተቀብላ ልጇ ትምህርት እንድታቋርጥ ፈርማለች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የዮን-ጂን ሀብታም እናት፣ ልጇን ከልጅነቷ ጀምሮ በገንዘብና በጠንቋይ ስትከልላት የኖረችው፣ ራሷን ለማዳን ስትል ልጇን አሳልፋ ትሰጣለች። ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ንግግር የለም። በክፍሎች ተራርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ያገናኛቸው ተመልካቹ ነው።

ሊም ጂ-ዮን ስለምትጫወታት ዮን-ጂን ሳይነሣ አይታለፍም። መጥፎ ሰው መሳል ቀላል ነው፤ በራሱ ፍጹም የማያፍር ሰው መሳል ግን ከባድ። ሊም የምትጫወተው ክፋትን ሳይሆን መሰላቸትን ነው፤ ሌላ ሰው ስለሚሰማው ሕመም ሲነገራት የሚታይባት ስሜት ሰዓት የባከነባት ሰው ስሜት ነው። ፈገግታዋ ካሜራ ፊት ለፊትና ከካሜራ ውጪ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱንም ስለምታምናቸው። የልጅነቷን ዮን-ጂን የተጫወተችው ሺን ዬ-ኡንም ያንኑ ፈገግታ ቀድማ አሳይታናለች። ሊም በ2023 የቤክሳንግ ሽልማት ላይ ምርጥ ረዳት ተዋናይት ተብላለች፤ ሶንግ ሄ-ክዮ ምርጥ ተዋናይት፣ ድራማው ራሱም ምርጥ ድራማ ሆኖ ተሸልሟል። የዮን-ጂን ቅጣት ራሱ የተቆረጠላት በልኳ ነው። እስር ቤት ውስጥ ሌሎች እስረኞች የአየር ሁኔታ ትንበያ እንድታቀርብላቸው ያስገድዷታል። ሥራዋ ያው ነው፣ ድምፅዋ ያው ነው፤ የጠፋው ክብሯ ብቻ ነው።

ብዙ ተመልካች የወደዳት ካንግ ህዮን-ናም ናት፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። ባሏ የሚደበድባት፣ ሰው ቤት እየሠራች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። ዶንግ-ኡን ባሏን እንድታጠፋላት፣ እሷ ደግሞ ሰላይ ልትሆንላት ይዋዋላሉ። ዮም ሄ-ራን ይህችን ሴት ስትጫወት ኀዘኗን አትደብቅም፣ ግን ኀዘኗን ብቻም አትሰጠንም። መኪና መንዳት ስትማር፣ ፎቶ ማንሳት ስትማር፣ ቀይ ሊፕስቲክ ስትቀባ፣ እንደ ልጅ ደስ ይላታል። ድብደባ ደስታዋን እንዳልገደለባት ራሷ ትናገራለች። ከእሷ ጋር ባሉት ትዕይንቶች የዶንግ-ኡን ፊት ሊፈታ ይዳዳና ይመለሳል፤ ከሳቀች የምትረሳ ይመስል። ፈገግታን እንዲህ በስስት የሚጠቀም ድራማ ብዙ አላየሁም። የዶንግ-ኡን አከራይ የሆኑት አሮጊትም እንደዚሁ ናቸው። እሳቸውና ዶንግ-ኡን ከዓመታት በፊት ራሳቸውን ሊያጠፉ በገቡበት ውሃ ውስጥ እንደተገናኙ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ብርዱ ይለፍና እንሞታለን ተባብለው እንደወጡ የምንሰማው መጨረሻው ሲቃረብ ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ይህን በመጀመሪያው ክፍል አፍስሶ ያስለቅሰን ነበር።

እንከን የለውም አልልም። የጠንቋይዋ ሥነ ሥርዓት ላይ ሙታን ጣልቃ ሲገቡ፣ በሰው ትዕግሥት ብቻ የተገነባው ሕንፃ ያልተፈለገ ምሰሶ ይጨመርለታል። በሁለተኛው አጋማሽ አንዳንድ አጋጣሚዎች ለዶንግ-ኡን እጅግ ይመቻሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከድራማው ውጪ የሆነው ነው። ሁለተኛው አጋማሽ በወጣበት ሰሞን ዳይሬክተሩ አን ጊል-ሆ በ1996 ፊሊፒንስ ውስጥ ተማሪ ሳለ ታናናሾቹን ደብድቧል የሚል ክስ ቀረበበት። መጀመሪያ ካደ፤ ከቀናት በኋላ በጠበቆቹ በኩል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ያንን ካወቅሁ በኋላ የስፖርት አዳራሹን ትዕይንት እንደበፊቱ ማየት አልቻልኩም። ካሜራው የት እንደቆመ፣ በማን ትከሻ በኩል እንደሚያይ አሁን እጠይቃለሁ። የሥራው ጥራት አልቀነሰም፤ እኔ ግን እንደ ቀድሞው በእርጋታ አላየውም።

ከሁሉ ያነሰው የዮ-ጆንግ መስመር ነው። ሊ ዶ-ህዮን በሚገባ ይጫወታል፤ አባቱን የገደለበት ሰው ከእስር ቤት የሚልክለት ደብዳቤም የሚያሳምም ነው። ግን ድራማው የዶንግ-ኡንን በቀል ከጨረሰ በኋላ ሁለቱን አጣምሮ ወደዚያ እስር ቤት ይወስዳቸዋል፤ አዲስ በቀል ሊጀመር። የዶንግ-ኡን በቀል ክብደት ያገኘው ከ16 ክፍል ትዕግሥት ነው፤ የእሱ በጥቂት ትዕይንቶች ተቀንብቦ የቀረበ ነው። ኪም ኡን-ሱክ የፍቅር ጸሐፊ ናትና ሁለቱን ለየብቻ ትታ መሄድ አልሆነላትም መሰለኝ። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ትዕይንት ቆርጬ አወጣው ነበር።