ከግድግዳ ማዶ የሚመጣ ዋይፋይ

ዋይፋይ አስቸገረኝ ብሎ የሚጠራኝ ባለሱቅ ብዙውን ጊዜ መፍትሔውን ራሱ ወስኖ ነው የሚጠብቀኝ፤ «ጠንከር ያለ፣ አንቴናው የበዛ ራውተር ግዛልኝ።» እኔ ግን መጀመሪያ ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኛለሁ። በኬብል ኢንተርኔቱ እንደ ልብ ከሄደ ችግሩ ያለው ከመስመሩ ሳይሆን ከአየሩ ነው። ይህን ሳይሞክር ራውተር የሚያስቀይር ባለሙያ የጠቀመው ራውተር ሻጩን ነው።

የአዲስ አበባ የገበያ ሕንፃዎች ለዚህ ሥራ ክፉ ቦታ ናቸው። ሱቅን ከሱቅ የሚለየው ተራ መስታወት ወይም ጂፕሰም ነው፤ ሁለቱም ሞገዱን እምብዛም አያስቆሙትም። ብሎኬት ትንሽ ይሻላል፣ ብረት የበዛበት ኮንክሪት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ተከራዩ ሁሉ የየራሱ ራውተር አለው። የሚሻሙበት 2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሆነ ጠባብ መንገድ ነው።

ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ርቀት ተደርድረዋል፤ አንድ ራውተር ሲናገር ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሳይነካኩ አብረው የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በስልኩ አፕ የሚያይ ሰው ሦስቱም ሲሞሉበት 3ን ወይም 8ን ባዶ ያገኘውና እዚያ ይገባል። ደንበኛን ለማሳመን ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ቦታ ከሞላው የባሰ መሆኑ።

ዋይፋይ ጨዋ ነው፤ ሳያዳምጥ አይናገርም። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች አንዱ የሌላውን መልእክት መጀመሪያ አንብቦ ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቃል፣ ተራውንም ይጠብቃል። በደንቡ መሠረት እስከ -82 ዲቢኤም ድረስ የደከመውን ድምፅ እንኳ ሰምተው ዝም ይላሉ። ያልገባቸውን ጩኸት ግን -62 እስኪደርስ ከቁብ አይቆጥሩትም፤ በላዩ ላይ ይናገራሉ፣ መልእክቱ ይበላሻል፣ ደግመው ይልካሉ። ቻናል 3 ላይ የተቀመጠ ራውተር ለ1ም ለ6ም እንዲህ ያለ ጩኸት ነው፤ እነሱም ለእሱ። የዕድር ስብሰባ ላይ ተራ መጠበቅ ያሰለቻል፤ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ ማጉያ ከተተከለ ግን ተራ የሚባል ነገር አይኖርም።

ከሦስቱ አንዱን ስመርጥ የስሞቹን ብዛት አልቆጥርም። የካርድ ማሽን ብቻ የሚጠቀምበት የመድኃኒት ቤት ራውተር ጎልቶ ቢሰማም ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የሚወርድበት ግን ራቅ ብሎም ይጎዳል። ከዚያ «አውቶ» የሚለውን አጠፋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የፎቁ ራውተሮች አንድ ላይ ተነሥተው አንድ ላይ ይመርጣሉ፤ ጎረቤቱ ገና ስላልተናገረ ለእያንዳንዱ ቦታው ሁሉ ባዶ ይመስለዋል። የ40 ሜጋኸርዝ ስፋትንም እዘጋለሁ፤ የመንገዱን ግማሽ ለአንድ ሱቅ መያዝ ነውር ነው።

የሚችለውን መሣሪያ ሁሉ ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛውራለሁ። ሰዎች «ግድግዳ አያልፍም» እያሉ ያሙታል፤ እኔ የምወደው ለዚሁ ነው፣ የጎረቤትም አያልፍምና። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ለቆ ይወጣል። ገበያ መሐል ይህ እንዳይሆን ከ36 እስከ 48 ያሉትን አስቀድማለሁ። ከቦታው የማይነቃነቀው፣ ማለትም የሽያጭ ኮምፒዩተሩ፣ ካሜራውና ፕሪንተሩ፣ በኬብል ይሂድ። ባለሱቁ ግድግዳው ሲበሳ ያዝናል፤ ይዘን።

«በስንት ሰዓት ይብሳል?» ብዬ መጠየቅም አልተውም። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ከተባልኩ አጠገብ ያለውን ካፌ ማይክሮዌቭ እጠረጥራለሁ። የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ጥቂትም ያፈስሳል። የስልኩ አፕ የዋይፋይ ስም ብቻ ስለሚዘረዝር ይህን ጥፋተኛ በጭራሽ አያሳይም።

ጠንካራ ራውተር የማልገዛው ስልኩ መልስ የሚሰጠው በራሱ ደካማ ድምፅ ስለሆነ ነው። የራውተሩ ጩኸት የስልኩን ድምፅ አያጎላውም፤ ይልቅ ራውተሩን ከላሜራ መደርደሪያ ጀርባ አውጥቼ ወደ ተጠቃሚው አስጠጋዋለሁ። ኃይሉን እንዲያውም እቀንሳለሁ፤ ይህ የሚጠቅመው ጎረቤትን ነው። ጎረቤት ደግሞ ውለታውን እንዲመልስ ሄዶ ማነጋገር ያስፈልጋል። ከባለሱቁ ጋር በሩ ላይ ስንቆም ፓስወርድ ልንለምን የመጣን ይመስላቸዋል። «እትዬ፣ የእርስዎን ኢንተርኔት አንፈልግም፤ አንዲት ቁጥር ብቻ እንቀይርልዎ» እላለሁ። ሦስት ተጎራባች ሱቆች 1፣ 6 እና 11ን ከተከፋፈሉ የቀረው ቀላል ነው። የተስማሙበትን ቁጥር በየራውተሩ ጀርባ በማርከር እጽፈዋለሁ፤ ሪሴት በተደረገ ቁጥር ወደ «አውቶ» ይመለሳልና።