ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ሰሞኑን አንድ አውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ ነበር። የመሐንዲሶች አውደ ጥናት። «አንተ ደግሞ የሥነ ጽሑፍ ሰው፣ ከመሐንዲስ ጋር ምን አገናኘህ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ያገናኘኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምህንድስና ጀማሪዎችን የጽሕፈት ኮርስ አስተምር ነበር። ያኔ የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ የነበረ ልጅ ዛሬ ፀጉሩ ሳስቶ የከተማ መንገድና የጎርፍ መውረጃ የሚነድፍ ሰው ሆኗል። «ጋሼ፣ የማጠቃለያ ሪፖርታችንን አማርኛ ያዩልናል?» አለኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ አዳመጥኩ።

እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ቂም ይዤ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ ከገበያ ሲመለሱ ጎርፍ የሸፈነው ክዳን አልባ ማንሆል ውስጥ ገቡ። ዳሌያቸው ተሰበረ። እስከ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጉድጓዱስ? አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላው ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የሦስተኛው ነው ይላል። እንዲያው ከሰማይ የወረደ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ!

እንግዲህ እንደ መጽሐፍ ሂስ፣ ከጠንካራው ጎን ልጀምር። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ያቀረበችው ጥናት ግሩም ነበር። «የአሥር ዓመት ጎርፍ» ማለት በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ጎርፍ ማለት አይደለም አለች። በማንኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞም ሊደግም ይችላል። ደግሞም አዲስ አበባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። ዱሮ አፈርና ሣር ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ዛሬ አስፋልቱና የቆርቆሮ ጣራው እንዳለ ወደ ታች ይለቁታል። የቀድሞው ቱቦ ለቀድሞው ሠፈር ነው የተቀበረው። ይህን በሰማሁ ጊዜ፣ ምነው ሁሉም እንደዚህች ልጅ ቢያስተምር አልኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተበላሸ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መጨረሱን ታስታውሳላችሁ። ለመሐንዲስ ከዚህ የበለጠ መማሪያ የት ይገኛል? አቅራቢው በአንድ ስላይድ «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ አለፈው። ዝናቡ የተፈጥሮ ነው፣ ይሁን። ሰው ወንዙ ዳር ቤት ሠርቶ እንዲተኛ የተወው ግን ዝናቡ ነው እንዴ?

በሁለት ቀን ውስጥ «እኔ እዚህ ጋ ተሳስቼ ነበር» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ያቀረበው ያማረለትን ነው። እውነተኛው ትምህርት የተሰጠው ሻይ ሰዓት ላይ ነበር። ተማሪዬ ሳንቡሳውን እያኘከ እንዲህ አለኝ፦

«አንድ ሠፈር ላይ ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ነበር የነደፍነው። ገበያ ላይ ጠፋ ተባለና ባለ 60 ተቀበረ።»

«ታዲያ ልዩነቱ ያን ያህል ነው?»

«ኧረ ጋሼ! ሲያዩት ትንሽ ይመስላል እንጂ፣ በዚያው ተዳፋት ላይ የሚያሳልፈው ውሃ ወደ ሲሶ ነው የሚወርደው። ስሌቱን መልሶ የሠራው ግን የለም። እኔም ፈርሜያለሁ።»

«ይሄን ለምን መድረክ ላይ አትናገርም?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። «እንጀራዬስ?»

አልፈረድኩበትም። እኛ አገር ስህተቱን የተናገረ ሰው ቀጥሎ የሚጠብቀው ግምገማ ነው። ግምገማ የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው፣ ትምህርት የሚፈልገው ጥፋቱን ነው። ሁለቱን ስላምታታናቸው ጥፋቱ ከመሬት በታች ከቱቦው ጋር አብሮ ይቀበራል።

ይህ የእኛ ብቻ አበሳ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ፣ የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች ለጭፈራ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ወድቀው 114 ሰው ሞተ። መንስኤው ሲጣራ እንደ ተማሪዬ ቱቦ ያለ ነገር ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱ መተላለፊያዎች፣ ላይኛውም ታችኛውም፣ በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ነበር የሚንጠለጠሉት። ለሥራ እንዲመች ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና ታችኛው ከላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ይዘው ቢንጠለጠሉ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክብደት ብቻ ይሸከማሉ። አንዱ የሌላውን እግር ቢይዝ ግን የላይኛው እጅ የሁለት ሰው ሸክም ይወድቅበታል። ለውጡን መልሶ ያሰላው አልነበረም። የመጀመሪያው ንድፍም ቢሆን ሕጉ የሚጠይቀውን ጥንካሬ አያሟላም ነበር።

ኃላፊው መሐንዲስ ጃክ ጊለም የሙያ ፈቃዱን ተነጠቀ። ሰውየው ግን ተደብቆ አልቀረም። በኋላ በሙያ ጉባኤዎች ላይ እየቆመ ስለዚያ ውድቀት ይናገር ነበር። እንግሊዞች ደግሞ ከ2005 ጀምሮ መሐንዲሶች የገጠማቸውን የደኅንነት ስጋት በምስጢር የሚያሳውቁበትን አሠራር ዘርግተዋል። የጠቋሚው ስም ይቀራል፣ ትምህርቱ ይታተማል። እኛስ ይህን ለማድረግ ምን ያንሰናል? ከሁለቱ ቀን ግማሹን፣ ስም ሳይጠራ፣ ለከሸፉ ሥራዎች መስጠት ምን ይከብዳል?

ወደ ሪፖርቱ ልመለስ። «ክፍተቶች ተስተውለዋል»፣ «የቅንጅት ጉድለት ታይቷል»፣ «ዝናቡ ከተጠበቀው በላይ በመሆኑ ጉዳት ደርሷል»... ሃያ ገጽ እንዲህ ይቀጥላል። በሰዋስው ትምህርት ድርጊቱን የሚፈጽመውን ባለቤት እንለዋለን። ይህ ሪፖርት ባለቤት የለውም። ክፍተቱን ማን ከፈተው? ማን አስተዋለው? አስተውሎስ ምን አደረገ? ልብ በሉ፣ ይህ የቋንቋ ጣጣ ብቻ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያጣ ዕለት ማንሆሉም ባለቤት ያጣል።

በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ቦታ ላይ «ማን?» ብዬ ጽፌ መለስኩላቸው። ከሳምንት በኋላ ታትሞ ደረሰኝ። አስተያየቴን ተቀብለውታል! እኔ «ማን?» ባልኩበት ቦታ ሁሉ ምን ቢያስገቡ ጥሩ ነው? «በሚመለከታቸው አካላት።» ክፍተቶቹ በሚመለከታቸው አካላት ተስተውለዋል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ጥራዙን በብብቴ ይዤ ወደ ቤቴ ስገባ በዚያ ማንሆል በኩል አለፍኩ። ክዳኑ አሁንም የለም። ግን አላፊ አግዳሚው እንዲጠነቀቅ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆሞበታል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሯል። ማን አቆመው ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛ ነን» አሉኝ የሠፈሩ ልጆች።