ዘራፍ ባዩ ማን ነው? የዓድዋን ጦርነት መልሶ ስለ መከወን

ሥነ ቃል የምናስተምር ሰዎች ፉከራን ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው በግጥሙ ላይ ነው። ቤት አመታቱን፣ ምቱን፣ ዘይቤውን እንዘረዝራለን። ግጥሙ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ግን ማን እንዳለው፣ በማን ፊት እንዳለው፣ ሲለውም በእጁ ምን ይዞ እንደነበር መጠየቁን እንዘነጋለን። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ ከተዘነጋ ጥያቄ ነው። ለሒስ የመረጥሁትም በመጽሐፍ የታተመ ሥራ አይደለም፤ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን በአዲስ አበባ በምኒልክ አደባባይና በአካባቢው ሲከወን የኖረው የጦርነት ትዕይንት ነው። ጎፈር የደፉ፣ ለምድ የደረቡ፣ ጋሻ የመከቱ፣ ጦር የሰበቁ ወጣቶች በነጋሪትና በእምቢልታ ታጅበው ሲሸልሉና ሲፎክሩ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ምን እንደምናገር ያውቃል። ትዕይንቱን ብዙዎች የበዓል ማድመቂያ ብቻ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ተራኪ፣ ገጸ ባሕርይና ተደራሲ ያለው ክዋኔ ነውና እንደ ማንኛውም ኪነ ጥበባዊ ሥራ ሊመዘን ይገባዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ የፉከራን ጠባይ እንመልከት። ሽለላና ቀረርቶ በዜማ የሚቀርቡ ናቸው፤ ሰሚን ያነሣሣሉ፣ አንዳንዴም ያስቆዝማሉ። የሚያዜማቸው ሰው የግድ ጀግና መሆን አይጠበቅበትም፤ አዝማሪም ሊሆን ይችላል። ፉከራ ከዚህ ይለያል። ፎካሪው ከተቀመጡት መካከል ብድግ ብሎ «ዘራፍ» ካለ በኋላ የማን አሽከር እንደሆነ ይናገራል፣ የፈረስ ስሙን ይጠራል፣ የዋለበትን ሜዳ ይቆጥራል፣ ግዳዩን ይጥላል። በግብር አዳራሽ በንጉሡ ወይም በጌታው ፊት ሲፎክር ከግራና ከቀኙ ያሉት አብረውት የዘመቱ ሰዎች ናቸው፤ ያልዋለበትን ቢያወራ የሚያፍረው በእነርሱ ፊት ነው። ስለዚህ በፉከራ ውስጥ «እኔ» የሚለው ተውላጠ ስም እንደ ልብ ወለዱ «እኔ» ደራሲ ለፈጠረው ሰው ያዋሰው አይደለም፤ ለምስክርነት ቃል የቀረበ ነው። ከዘመቻ በፊት የሚባለው ፉከራ የተስፋ ቃል፣ ከዘመቻ በኋላ የሚባለው ደግሞ የዚያ ተስፋ ሒሳብ ማወራረጃ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ማጋነን የተፈቀደ ነው፤ አንዱን ሦስት ማድረግም በዘውጉ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ያጋነነው ሰውና ያደረገው ሰው አንድ መሆናቸው የዘውጉ ምሰሶ ነው።

ይህን የተረዳሁት በንባብ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ ከድል ሐውልቱ ሥር አርበኞች ተሰብስበው ነበር፤ እኛ ተማሪዎች ከስድስት ኪሎ ወርደን ከዳር ቆመን እናያለን። ደረታቸው በሜዳልያ የተሸፈነ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ይፎክሩ ጀመር። ስለ አንድ ምሽግ ሲናገሩ ከጎናቸው ተቀምጠው የነበሩ ሌላ አርበኛ ከዘራቸውን ቀና አድርገው «እሱንስ ወንድሜ ነው የያዘው» አሉ። ፎካሪው ቆሙ። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እውነት ነው፤ እሱን እሱ ነው የያዘው» አሉና የሟቹን ስም ጠርተው ካቋረጡበት ቀጠሉ። ያ መቋረጥ ስንኙን ሰበረው፣ ምቱንም አጠፋው። ከዳር የቆምነውን ያስለቀሰን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፉከራ ተራሚ ያለው ዘውግ መሆኑን፣ ተራሚውም ከሟቹ ጋር የኖረ ሰው መሆኑን የዚያን ዕለት አየሁ።

ከ25 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. የዓድዋ በዓል፣ እኔም ከተመልካችነት ወጥቼ ለባሽ ሆንሁ። የሰፈራችን ወጣቶች ለምድ አዋሱኝ። ጋሻው ቆርቆሮ ነበር፤ ጦሩ የመጥረጊያ እንጨት ሆኖ ጫፉ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። ላቡ ግን የእውነት ላብ ነበር፤ ከሰፈራችን እስከ ምኒልክ አደባባይ እየዘለሉ መውጣት ቀላል አይደለም። ሐውልቱ አጠገብ ስንደርስ ከወጣቶቹ አንዱ «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ይበሉልን» አለኝ። ፉከራን ከዐሥር ዓመት በላይ አስተምሬያለሁ፤ «ዘራፍ» ስል ድምፄም አላነሰኝም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፈረስ ስም የለኝም፤ እውነቱን ለመናገር ፈረስ ላይ ወጥቼም አላውቅም። ስለዚህ «አባ ነፍሶ» አልሁ። የደጃዝማች ባልቻን የፈረስ ስም ማለቴ ነው። ያን ማለዳ በዚያው አደባባይ ከእኔ ሌላ ሁለት «አባ ነፍሶ» ሰምቻለሁ፤ «አባ ዳኘው» ያልም ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ መሆኑ ነው።

ግጥሙን ጨርሼ ስመለስ ከመንገዱ ጠርዝ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ የማን ወገን ነህ?» አሉ። የአያቴንና የቅድመ አያቴን ስም ነገርኋቸው። «እሳቸውስ ዓድዋ ዘምተዋል?» ሲሉኝ በቤተ ሰብ እንደሚወራው ቅድመ አያቴ የዘመቱት ስንቅ የጫነ አጋሰስ እየነዱ እንደሆነ፣ ስለ መተኮሳቸው ግን የሰማሁት እንደሌለ ተናገርሁ። «ታዲያ ምነው እሳቸውን ብትፎክር፣ እማማን ደስ ይለኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ሰልፉ መለሱ።

የአሮጊቷን ቃል እንደ ሒስ መውሰድ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲህ በዓሉን ስከታተል ሦስት ዓይነት «እኔ» ለይቻለሁ። የመጀመሪያው «ገዳይ ነኝ» የሚለው ነው። ጀግናውን ራሱን ይሆናል፤ የሞተ ሰው ስም፣ ማዕረግና ግዳይ ይወስዳል። ምስክር ስለሌለው የሚያርመው የለም፤ ከፊቱ የተደቀነው የስልክ ካሜራ ነው፣ ካሜራ ደግሞ «እሱንስ ወንድሜ ነው የያዘው» አይልም። ሁለተኛው «የእገሌ ልጅ ነኝ» የሚለው ነው። ይህ ከፉከራ ወደ ውዳሴ ይጠጋል፤ ነገር ግን ሐቀኛ ነው፣ በጉልበቱም ከመጀመሪያው አያንስም። ሦስተኛው ወደ ብዙ ቁጥር ይሻገርና «እኛ» ይላል። ሦስተኛው በአደባባይ ይበልጥ ይሰማል፤ በኪነቱ ግን ደካማው እርሱ ነው። ለምን ቢሉ፣ «እኛ» ካለ በኋላ የሚከተለው ዝርዝር ስለሚጠፋ ነው፤ ሜዳውም፣ ሰዓቱም፣ ሰውየውም አይጠሩም። የትዕይንቱ አዘጋጆች የመጀመሪያውን መተው አለባቸው አልልም። ሰው ጀግና ሆኖ መታየት ይወዳል፣ ልጆችም በዚያ ይማራሉ። ነገር ግን ሌላውን ሰው የሚሆን ከዋኝ ተዋናይ ነውና ተውኔት ያስፈልገዋል፤ መቼት፣ ግጭት፣ ተቀናቃኝ።

እዚህ ላይ ትልቁ ጉድለት ይገለጣል። በምኒልክ አደባባይ ጠላት የለም። በባህላዊው የዓድዋ ሥዕል ጣሊያኑ አለ፤ ሠዓሊው እንደ ወጉ ፊቱን በአንድ ዐይን፣ በጎን ቢያሳየውም ከነመድፉ ሥሎታል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከላይ አለ። በጎዳናው ትዕይንት ግን ሺ ጋሻ በባዶ ሜዳ ላይ ይነሣል። ባራቲየሪ ያሰለፈው ጦር ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ ሁሉም ነጭ አልነበረም። የአልቤርቶኒ ብርጌድ በአብዛኛው አስካሪ ነበር። ከተማረኩት አስካሪዎች መካከል 800 ያህሉ በከዳተኝነት ተፈርዶባቸው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡ በታሪክ ተመዝግቧል። ጣሊያኑን ልብሱን ለብሶ የሚጫወት፣ ተዘባባች አድርጎ የሚያስቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። አስካሪውን ግን ማን ይለብሰዋል? እርሱ ሲገባ ትዕይንቱ የጥቁርና የነጭ መሆኑ ይቀርና የወንድማማች ይሆናል፤ ስለ ዓድዋ ከሚነገረው ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው።

የጎደለው እርሱ ብቻ አይደለም። እኔ ባየሁት ማለዳ ካባ የደረቡ ጣይቱዎች ብዙ ነበሩ፤ እንስራ ያዘለች አንዲት እንኳ አላየሁም። መቀሌ ላይ በጥር 1888 ዓ.ም. የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ ያስለቀቀው የእቴጌይቱ ብልሃት ውሃውን መያዝ ሆኖ ሳለ፣ ውሃ በትዕይንቱ ውስጥ የለም። ዱቄትም የለም። የዘመተው ሕዝብ 100,000 ያህል ነበር ስንል ከሸዋ እስከ ትግራይ ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው ብሎ መጠየቅ ለድርሰትም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ዓድዋ በእግር የተጓዙት ወጣቶች ይህን በጫማቸው ሳያውቁት አልቀሩም፤ በአገር ውስጥ ከተደረጉት የመታሰቢያ ክዋኔዎች ሁሉ ለእውነተኛው ዘመቻ የቀረበው የእነርሱ ይመስለኛል፤ አንድም ሰው ሳይፎክር ማለቴ ነው።

የተከፋፈለ ትውስታን በክዋኔ መግጠም በሌላ አገርም ተሞክሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 የጌቲስበርግ ጦርነት 50ኛ ዓመት ሲከበር ከ50,000 የሚበልጡ የሰሜንና የደቡብ ዘማቾች በዚያው ሜዳ ሰፈሩ። ሐምሌ 3 ቀን የደቡቦቹ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው እየተረፈረፉ ወደ ሮጡበት የድንጋይ አጥር በዝግታ ተራመዱ፤ ከአጥሩ ማዶ የሰሜኖቹ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው። ከዋኙና ያደረገው ሰው አንድ ነበሩ፤ በእኛ ቋንቋ ፉከራው ባለቤት ነበረው። ሆኖም ዕርቁ የነጮች ዕርቅ ነበር፤ ጦርነቱ የተነሣበት የባርነት ጉዳይ ከበዓሉ ተገፍቶ ነበርና። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ከያኒ ጄሬሚ ዴለር በ1984 በኦርግሪቭ በማዕድን ሠራተኞችና በፖሊስ መካከል የሆነውን ግጭት በ2001 መልሶ ሲያስከውን የቀድሞ ሠራተኞችን አሰለፈ፤ ከእነርሱም ጥቂቶቹ የፖሊሱን ልብስ ለብሰው ጋሻውን ከዚያኛው ወገን ያዙ። ይህን ሳነብ የአስካሪው ጥያቄ መልስ ሊኖረው እንደሚችል ተሰማኝ።

ለነገሩ መልሱን ለመፈለግ ባሕር መሻገርም አያስፈልግም ነበር። ጉግስ የሚባለው የፈረስ ጨዋታችን የጦርነት ክዋኔ ነው። ሁለት ወገን ይሰለፋል፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ እየወረወረ ያሳድዳል፣ ተሸሺው በጋሻው ይመክታል፣ ከዚያ ፈረሱን ያዞርና አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ሲወጡ በዓላቸውን ከዓድዋ ፈረሶች ጋር ያያይዙታል፤ በሜዳው ላይ ግን ጣሊያን ሆኖ የሚገባ የለም፣ የሚሸሸውም ጎረቤት ነው። መሸሽ ተራ ሆኖ ይደርሳል፤ ነውር የለበትም። የአዲስ አበባው ትዕይንት ከገጠሩ ፈረሰኛ ጎፈሩንና ለምዱን ሲወስድ ይህን ወግ ጥሎ መምጣቱ ያስቆጫል።

የሰፈራችን ወጣቶች ለሚመጣው የካቲት አጭር ተውኔት እንድጽፍላቸው ጠይቀውኝ ጽፌያለሁ። አራት ሰው አለበት፤ አንድ አጋሰስ ነጂ፣ አንዲት ውሃ ቀጂ፣ አንድ ፎካሪ፣ አንድ የሐማሴን አስካሪ። የአጋሰስ ነጂውን እኔ ልወስደው ነው። ለፎካሪው ስድስት ሰው ተመዝግቧል። ውሃ ቀጂዋንም አግኝተናል። አስካሪውን የሚጫወት እስካሁን አልተገኘም።