ስለ ሳተላይት ሬዲዮና ስለ አውቶሞቢል አንቴና፤ ከጉርድ ሾላ መንገድ ዳር የቀረበ ትችት

ጉርድ ሾላ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው ሰፊ ጎዳና ላይ የሚገኝ ሠፈር ነው። በስተሰሜኑ የእንጦጦ ተራራ ይታያል፤ በጎዳናውም መካከል በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ያልፋል። በዚህ ጎዳና ዳር ጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚያልፉትን አውቶሞቢሎች ጣሪያ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ከአውቶሞቢሎቹ በርከት ያሉት ረጅሙ የሬዲዮ ዘንግ ተነቅሎ በምትኩ የሻርክ ክንፍ የሚመስል አጭር ነገር የተለጠፈባቸው መሆኑ ነው። በተለይም ዝቅ ብለው የተሠሩት የስፖርት አውቶሞቢሎች ይህ ክንፍ ከሌላቸው በባለቤቶቻቸው ዘንድ እንደ ጎደሉ ይቈጠራሉ።

ይህችን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በጓደኞቻችን መካከል የተደረገ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን ክንፉ የሳተላይት ሬዲዮ መቀበያ ስለ ሆነ የዘመናዊነት ምልክት ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሳተላይት ሬዲዮ ለአፍሪካ ሰማይ የማይስማማ፣ ተሞክሮም የወደቀ የቅንጦት ዕቃ ነው ሲል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩን ከሥሩ አልመረመሩትም። ሰማዩስ ተስማምቶን ነበር፤ ያልተስማማን የመቀበያው ዋጋ ነው። ዛሬ በጣሪያ ላይ የሚለጠፈው ክንፍ ደግሞ ከዚያ ሰማይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ የሳተላይት ሬዲዮ ታሪክ ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። በአዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ኖኅ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድስፔስ የተባለውን ኩባንያ በአሜሪካ አገር አቋቋሙ። ዓላማቸውም በአውቶሞቢል ላይ የሚገጠም መዝናኛ ማበጀት አልነበረም። ስለ ኤድስና ይህን ስለ መሳሰለው ጉዳይ አስፈላጊ የሆነው ትምህርት ወደ አፍሪካ ሕዝብ ሳይደርስ መቅረቱ ስላሳሰባቸው፣ በየተራራው የሬዲዮ ማሠራጫ ከመትከል ይልቅ አንድ ማሠራጫ በሰማይ ላይ ቢሰቀል ለብዙ አገሮች ይበቃል ብለው ነው የተነሡት። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ከፈረንሳይ ጊያና በአሪያን ሮኬት ተላከች፤ ሥርጭቱም በሚከተለው ዓመት ተጀመረ። መቀበያውን ከሠሩት መካከል ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ይገኛሉ። አንቴናውም ወደ ሰማይ የሚዞር ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር ነበረ እንጂ እንደ ቴሌቪዥን ዲሽ ትልቅ ሳህን አልነበረም።

አሁን ወደ ሰማዩ ነገር እንምጣ። አፍሪስታር ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 21 ዲግሪ ላይ ነበረች። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ደግሞ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ሳተላይቷ ከእኛ ዘንድ ስትታይ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ እንደ ነበር በተራ ጂኦሜትሪ ማስላት ይቻላል። እንጦጦ በሰሜን በኩል ነውና ጉርድ ሾላን ከእርሷ አይጋርዳትም። በአንጻሩ በአሜሪካ ኤክስኤም የተባለው የሳተላይት ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ሲጀምር ሁለቱ ሳተላይቶቹ በምዕራብ ኬንትሮስ 85 እና 115 ዲግሪ ላይ ነበሩ። ከኒው ዮርክ ሲታዩ አንደኛዋ 42፣ ሁለተኛዋ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከአድማስ ከፍ የሚሉት።

የዚህ ልዩነት ትርጉም በአንድ ምሳሌ ይገለጣል። ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ ፎቅ በሳተላይቷ አቅጣጫ ቢቆም፣ በጉርድ ሾላ የሚጥለው የሬዲዮ ጥላ ወደ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ያው ፎቅ በኒው ዮርክ ለዝቅተኛዋ ሳተላይት 39 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህም ነው ኤክስኤም በታላላቅ ከተሞች ተጨማሪ ማሠራጫዎችን በምድር ላይ ለመትከል የተገደደው፤ ተወዳዳሪው ሲሪየስም ሳተላይቶቹ በሰሜኑ ሰማይ ከፍ ብለው እንዲቈዩ በሞላላ ምሕዋር ያዞራቸው። እውነት ነው፣ ወርልድስፔስ መቀበያውን ያሰበው በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ በድልድይ ሥር ለሚያልፍ አውቶሞቢል ኤክስኤም ያደረገውን ያህል ጥንቃቄ አላደረገም። ይሁን እንጂ ከሰማይ አቀማመጥ አንጻር ለጉዳዩ ምቹ የነበረው የእኛ አገር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እንግዲህ ለምን እዚያ ተሳክቶ እዚህ ወደቀ? መልሱ በሰማይ ሳይሆን በኪስ ውስጥ ነው። የወርልድስፔስ መቀበያ ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ነበር። ትምህርቱ ይድረሰው የተባለው ገበሬ ግን በዚያ ገንዘብ ከሬዲዮ ይልቅ የሚገዛው ብዙ ነገር አለው፤ ተራ የአጭር ሞገድ ሬዲዮም በጥቂት ብር ያገኛል። ቆይቶም ኩባንያው በነፃ ይሰጥ የነበረውን ሥርጭት ወደ ክፍያ ለወጠው። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳብ ከራሱ ጋር ተጋጨ፤ ለደኻ የታሰበ ድምፅ ለመክፈል ለሚችል ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008 ወርልድስፔስ ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በአሜሪካ ግን መቀበያው በፋብሪካ ውስጥ ከአውቶሞቢሉ ጋር አብሮ እየተገጠመ ይሸጥ ስለ ነበር ዋጋው ለብቻው አይታይም። ነጂውም ከቤት ወደ ሥራ ሲመላለስ ሰዓቱን በመሪ ላይ ስለሚያጠፋ የወሩን ክፍያ አይጸጸትበትም። እንዲህም ሆኖ ኤክስኤምና ሲሪየስ ለየብቻቸው መኖር አልሆነላቸውምና እ.ኤ.አ. በ2008 ተዋሐዱ። ከዚህ የምንረዳው የሳተላይት ሬዲዮ ሰማይን ተከትሎ ሳይሆን አውቶሞቢልን ተከትሎ የኖረ መሆኑን ነው።

ቀጥለን ክንፉን ራሱን እንመርምር። የሬዲዮ ሞገድ ርዝመት ከድግግሞሹ ጋር በግልባጭ ይሄዳል። አፍሪስታር የምትሠራበት ሞገድ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የእነርሱ አንቴና በአንድ ትንሽ ክንፍ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ለዚሁም በሥሩ የብረት ወለል፣ በላዩ የተገለጠ ሰማይ ያስፈልገዋል። የስፖርት አውቶሞቢል የሚያስቸግረው በዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ጣሪያው የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ እንደሚሠራው እንደ ኮርቬት አካሉ ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለው ላይ አንቴናውን የሚገጥም ባለሙያ ወይ የብረት የሆነ የኋላ ክዳን ይፈልጋል፣ ወይም ከሥሩ የብረት ዝርግ ያነጥፋል። ሽቦውንም ሳያጣምም በበሩ ጎማ ሥር ያሳልፋል፤ የተበሳውንም ቀዳዳ የክረምት ዝናብ እንዳያስገባ ይደፍነዋል። ይህ ሁሉ ድካም ትርጉም የሚኖረው ግን ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ ሲኖር ነው። ሲሪየስ ኤክስኤም የሚያሠራጨው ለሰሜን አሜሪካ ነው፤ ከዚያ የመጣ አውቶሞቢል መቀበያው ሙሉ ቢሆንም በጉርድ ሾላ ዝም ይላል።

ትችታችን በዚህ ብቻ ቢያበቃ ነገሩ የውበት ጉዳይ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ጉዳት አለው። የአዲስ አበባ የኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች፣ ለምሳሌ ኤፍ.ኤም. አዲስ 97.1 ወይም በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ሸገር 102.1፣ የሚጠቀሙበት ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ሞገድ የሚስማማው ዘንግ የርዝመቱ ሩብ፣ ማለትም 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ዘንግ ነቅሎ ጣት የምታህል ክንፍ የሚለጥፍ ሰው፣ በውስጧ ማጉያ ካልተገጠመላት በስተቀር፣ የከተማውን ድምፅ ያደክማል። ክንፊቱ በሙጫ ብቻ የተለጠፈች ከሆነች ደግሞ ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኛት ሽቦ እንኳ የላትም። እንግዲህ የማይናገር ሰማይን ለመምሰል ሲባል የሚናገረው ጎረቤት ይጠፋል ማለት ነው።

ተመሳሳይ ነገር ከዚህ ቀደም ብሎ የታየ ነው። ከጃፓን የሚመጡት ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ሬዲዮአቸው የተሠራው ለአገራቸው የኤፍ.ኤም. ክልል፣ በቀድሞው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ለሆነው ነው። የእኛ ጣቢያዎች ከዚህ በላይ ስለሚገኙ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ምንም አያሰማም። የዚህ አገር የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግን በአንቴናው ሽቦ ላይ ሞገዱን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ መለወጫ እየገጠሙ መፍትሔ አበጁለት። ይህ ዕቃ ከውጭ አይታይም፣ ለጌጥም አይሆንም፤ ነገር ግን ሰውን ከከተማው ጋር ያገናኛል። በእኛ ግምት ዘመናዊነት የሚለው ስም ከክንፉ ይልቅ ለዚህ ለማይታየው ዕቃ ይገባል።

ክንፍ ሁሉ ከንቱ ነው እንዳላልን አንባቢ ይረዳልን። በፋብሪካ የተገጠመው ብዙውን ጊዜ የአቅጣጫ ማሳያና የስልክ አንቴና፣ ከማጉያ ጋር የኤፍ.ኤም. አንቴናም በውስጡ ይይዛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በሚበዙት በኤሌክትሪክ በሚነዱት ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። ትችታችን የሚያርፈው በሚሠራው ላይ ሳይሆን የሚሠራውን ነቅሎ የማይሠራውን በሚተክል ሰው ላይ ነው።

ከጉርድ ሾላ ቀና ብሎ ለሚያይ እንጦጦ ምስክር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ስትላክ መረጃዋን ለመቀበል አንቴና የተተከለው በዚያ ተራራ ላይ ነው። የዚያ አንቴና ክብር በቅርጹ ሳይሆን በተቀበለው ነገር ነበር።

ለጓደኞቻችን አንድ ሥራ እናሳስባለን። አንድ አውቶሞቢል ወስዶ፣ አንድ ጊዜ በዘንጉ፣ ሌላ ጊዜ በክንፉ፣ ያንኑ ጣቢያ ከመገናኛ እስከ አያት እየሄዱ መለካት ከባድ አይደለም፤ ውጤቱም ከክርክራችን ሁሉ ይበልጣል። የሳተላይት ሬዲዮን ውድቀት የሚያጠና ተማሪም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ሰማዩ ይስማማን ይሆን?» ብሎ ሳይሆን «ሰሚው ማን ነው? ለመግዛትስ አቅም አለው ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ በጊዜው በሚገባ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ለገበሬው ታስቦ የተሰቀለው ድምፅ ገበሬው ሳይሰማው ባልጠፋ ነበር።