ሐሰተኛ ገንዘብን በመሣሪያ ስለ መለየት

በ19ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ነጋዴ የወርቅ ሶቨሪንን የሚመረምርበት ትንሽ የናስ ሚዛን ነበረው። ወርቅ ከእርሳስና ከናስ ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፥ በመጠን የተስተካከለው ሐሰተኛ በክብደት ይጎድላል፤ በክብደት የተስተካከለውም በመጠን ይበልጣል። ስለዚህ ሚዛኑ ክብደቱን፥ ቀጭኑ ቀዳዳም ስፋቱንና ውፍረቱን ይለያሉ። ብልሃቱ የሚመሰገን ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚመሰክረው ስለ ማዕድኑ ብቻ ነው። ጉድለቱም በጠገራ ብር ታሪክ ይገለጣል። የኢትዮጵያ ባላገር ጠገራ ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ይመለከት ነበር፤ የደበዘዙበትን ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስቀረጹት ብር 28 ግራም ያህል በመመዘኑ ከጠገራ ጋር የተካከለ ነበር፤ ገበያው ግን የለመደውን መረጠ። በሌላ በኩል ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1935 ጠገራን የመቅረጽ መብት ለኢጣልያ ሰጥታ ሳለ፥ እንግሊዝ በ1936 ያለ ኦስትሪያ ፈቃድ በሎንዶን ቀረጸች። የሮማውም የሎንዶኑም የ1780ን ዓመተ ምሕረት ይዘው በሚዛን ፊት እኩል ናቸው።

እንግዲህ ገንዘቡን ማን በምን ሥልጣን እንዳስቀረጸው፥ ሕዝቡም ስለ ምን እንዳመነበት መሣሪያው ሊናገር አይችልም። ስለዚህ የገንዘብን ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሚዛኑ ውጤት ጋር የተቀባዩንም ልማድ መመዝገብ ይገባዋል።